የስለት ጆንያ አይፈታም

ፋብሪካው አንድ ቀን ሙያችንን በነፃ እንድንሰጥ አዘዘን። ትእዛዝና በጎ ፈቃድ እንዴት አንድ ጋሪ ላይ እንደሚጫኑ አልጠየቅኩም። በተቀጣሪነት ዘመኔ እንዳየሁት፣ የማይጠይቅ ሰው ከሚጠይቀው ይልቅ ሥራው ላይ ይሰነብታል።

አምቦ ገበያ ውስጥ ሃያ ዓመት በራሴ ስም እህል ስገዛና ስሸጥ ኖሬያለሁ። በኋላ አንድ የዱቄት ፋብሪካ የዚህ አካባቢ እህል ገዢ አድርጎ ቀጠረኝ። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ነው፤ እኔ እዚሁ መጋዘኔ ውስጥ ተቀምጬ ከጎጆ ከተማ፣ ከካቺሲ፣ ከጉደር የሚመጣውን እያየሁ «ይግባ» ወይም «ይመለስ» እላለሁ። ደመወዜ ለእነዚህ ሁለት ቃላት ነው።

ከሰው ሀብት ክፍል አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። ሠራተኛው በየዓመቱ የአንድ ድርጅት አጥር ቀለም ሲቀባ፣ ፎቶ ሲነሳና ሲመለስ እንደኖረ ነገረችኝ። አጥሩ ከቀለሙ ብዛት ሳይወፍር አልቀረም። ዘንድሮ ግን እያንዳንዱ የሚያውቀውን እንዲሰጥ ተወስኗል፤ የኮምፒውተር ሰው ኮምፒውተር፣ የጽሕፈት ሰው ደብዳቤ። ቦታው ደግሞ አምቦ ያለው የአረጋውያን መርጃ ቤት ነው።

«የእርስዎን ሙያ ምን ብዬ ልሙላ ጋሼ?»

«እህል ማየት።»

«ማየት ሙያ ነው?»

«ፋብሪካውን ጠይቂው። የቀጠረኝ ለዓይኔ ነው።»

ሳቀችና ፎርሙ ላይ «ልዩ ልዩ» ብላ ጻፈችኝ።

መርጃ ቤቱን አውቀዋለሁ፤ አምቦ ውስጥ የማያውቀው ነጋዴ የለም። ጧሪ የሌላቸው ሠላሳ የሚሆኑ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ይኖሩበታል። የሚኖሩት በእህል ነው። አጨዳ አልቆ ውቂያ ሲያበቃ፣ ልጁ ከሕመም የተነሳለት፣ የጠፋ በሬው የተገኘለት ገበሬ ስለቱን በጆንያ ያመጣል። ከወንጪ በፈረስ ጭኖ የሚመጣም አለ። እኔም እስላም ነኝና በየዓመቱ ሰደቃዬን ወደዚያው እልካለሁ። ከኅዳር እስከ ጥር የገባው እህል እስከሚቀጥለው መኸር መድረስ አለበት። በክረምት የሚያመጣ የለም፤ ገበሬው ራሱ ከገበያ እየሸመተ ነው የሚበላው። ያ እህል ከተበላሸ ሠላሳ ሰው ሐምሌን በምን እንደሚሻገር ማንም አያውቅም።

የተባለው ቀን ታኅሣሥ ላይ ዋለ። ጠዋት ነጭ ካናቴራ የለበሱ አሥራ አንድ ሰዎች ከሚኒባስ ወረዱ። በእጃቸው ፕሮግራም አለ። አንዱ ለቢሮው ሰዎች ኮምፒውተር ያስተምራል፤ አንዷ ለለጋሾች እንዴት ደብዳቤ እንደሚጻፍ ታሳያለች፤ የፋብሪካው ጥራት ተቆጣጣሪ ስለ እጅ መታጠብ ይናገራል። ከታች ደግሞ እኔ አለሁ፤ «ልዩ ልዩ፣ እንደ ሁኔታው»።

ፕሮጀክተሩ ገና ግድግዳው ላይ ብርሃን ሳይጥል መብራት ጠፋ። ቤቱን የሚያስተዳድሩት ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ሁሉም እትዬ ይላቸዋል። የመብራቱን ጥፋት እንደ ራሳቸው ቆጥረው ይቅርታ ጠየቁ። ሙያተኞቹ ሁሉ ስልካቸውን መነካካት ጀመሩ። እኔ ድሮም ሥራ አልተሰጠኝምና፣ ዝም ብዬ ከምቀመጥ እህል ቤቱን ልይ ብዬ እትዬን ጠየቅኳቸው።

ቁልፉን ለማግኘት ትንሽ ዘገዩ። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

በሩ ሲከፈት የተረሳ ቡኮ የሚመስል ኮምጣጣ ሽታ ፊቴን መታኝ። ውጭ በታኅሣሥ ብርድ ጣት እየደነዘዘ፣ ውስጡ እንደ ከብት በረት ይሞቃል። ለሌላ ሰው ይኼ ደስ የሚል ሙቀት ነው፤ ለእህል ነጋዴ ግን ክምሩ ከውስጥ እየተበላሸ ነው ማለት ነው። ጆንያዎቹ ባዶ ሲሚንቶ ላይ፣ ከግድግዳው ጋር ተጣብቀው እስከ ጣራ ተደርድረዋል። በሁለት ጆንያዎች መካከል እጄን እስከ ክንዴ ከተትኩ። እንዳተኮሰው ሕፃን ግንባር ይፋጃል።

ይህ ክምር መቼ እንደተፈታ ጠየቅኳቸው። ስለት የመጣ ጆንያ እንደማይፈታ ነገሩኝ። ሰጪው ራሱ የሰፋውን አፍ በፊቱ መክፈት፣ እህሉን ማፈስና ማየት ልቡን እንደ መመርመር ይቆጠራል። ስለዚህ እንደተሰፋ ይደረደራል፤ ሲበላ ከፊት እየተነሳ ይሄዳል፤ የኋላው ተራው ሲደርስ ይታያል። በደህናው ዓመት ይኼ ምንም አልነበረበትም። በዚያ ዓመት ግን ዝናቡ እህሉን አጨዳ ላይ አግኝቶት ነበር።

እንዲህ እየተባባልን ሳለ ዓይኔ ከታች ካለች አንዲት ጆንያ ላይ አረፈ። ሆዷ ጠቁሯል። አፏ በሰማያዊ ሲባጎ ተሰፍቷል፤ ጆሮዋ ላይ ቋጠሮው ድርብ ነው። ገበያችን ውስጥ ነጋዴው ሁሉ የራሱ አሰፋፍ አለው፤ ይህኛው የኔ ነው።

ነገሩን ልደብቅ አልፈልግም። ኅዳር ላይ ፋብሪካው ሁለት ጆንያ በቆሎ «እርጥብ ነው» ብሎ መልሶብኝ ነበር። ማድረቅ ሥራ ነው፤ ቦታም ይይዛል። እዚያው መኪናው ሳይርቅ ጋሪ ጠርቼ «ለአረጋውያኑ አድርስ» አልኩ። ያን ቀን ሰደቃዬን አወጣሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነው የዋልኩት። አዋቂዎች ሰደቃ ከምትወደው ስጥ ይላሉ። እኔ ፋብሪካው ካልወደደው ሰጠሁ።

ዝም ማለት እችል ነበር። ዝምታ ከሸቀጥ ሁሉ የማይነቅዝ እሱ ብቻ ነው። እትዬ ግን ሁለት እጃቸውን በነጠላቸው ውስጥ ሰብስበው ክምሩን ሲያዩ አየኋቸው፤ ሠላሳውን ሰው አንድ በአንድ የሚቆጥሩ ይመስሉ ነበር።

«እትዬ፣ ይቺ የኔ ናት» አልኩ። «ጎንዋ ያለችውም።»

«አውቃለሁ» አሉ። «የመጡ ዕለት ጋሪው ላይ ሳሉ እጄን አሳረፍኩባቸው። እርጥብ ነበሩ።»

«ታዲያ ለምን አልመለሱልኝም?»

«ብመልስብህ ለከርሞ ትልካለህ?»

ቁልፉ ለምን እንደዘገየ ያኔ ገባኝ። ገበያ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ሰው ሚዛኑን እንደሚያስተካክል ሰው ያጎነብሳል። እኔም አጎንብሼ የጆንያውን ጆሮ ያዝኩ።

የጥራት ተቆጣጣሪውን ጠራሁት። ጎልማሳ ነው፤ ጫማው ያንጸባርቃል። የእርጥበት መለኪያውን ለእጅ መታጠብ ትምህርት አያስፈልግም ብሎ አዲስ አበባ ትቶታል። እጁን ሲከት ፊቱ ተለወጠ። ዛሬ ካልወጣ ሙቀቱ ወደ ደህናው ይሻገራል፣ ሳምንት አይሰጠንም አለ። አብራቸው የመጣችው የሰው ሀብቷ ልጅ ፕሮግራሟን ገልብጣ አየች፤ እንዲህ የሚል ነገር እንደሌለ ነገረችን። «ልዩ ልዩ» የሚለውን በጣቴ አሳየኋት። አፏን ሸሸግ አድርጋ ሳቀችና እጅጌዋን ሰበሰበች።

ከመጋዘኔ ሸራዎች አስመጣሁ። ነጫጭ ካናቴራዎቹ ጆንያ መሸከም ጀመሩ። ግቢው በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢጫ በቢጫ ሆነ። አረጋውያኑ ከየክፍላቸው ወጡ። ከእነሱ መካከል በጉልምስናቸው ጉደር ገበያ እህል ይሸጡ የነበሩ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ሰፌዳቸውን ይዘው ከሸራው ዳር ሲቀመጡ አለቃችን ማን እንደሆነ ለማንም አልጠፋውም። የኮምፒውተሩን ሰውዬ ከሁሉ አብልጠው ያዙት።

«አንተ፣ ወገብህ ከገለባ ነው እንዴ? በእግር ገልብጠው፣ በእግር። ጫማህን ግን አውልቅ፣ እንጀራ ላይ ነህ።»

ጫማውን አወለቀ።

የእርጡቡንና የደረቁን መለየት የኔ ሥራ ነበር። ፍሬውን ጥርሴ ላይ አደርጋለሁ፤ ቀጭ ካለ ደረቅ ነው፣ ከተጨፈለቀ እርጥብ። ተቆጣጣሪው ለጥቂት ጊዜ ሲመለከተኝ ቆየና የመስታወት ጠርሙስና የደረቀ ጨው ለመነ። ጠርሙሱ ውስጥ እህልና ጨው ጨምሮ ነቀነቀ። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እህሉ እርጥብ ነው፤ ካልተለጠፈ ደረቅ። ጥርሴና ጠርሙሱ በሁሉም ተስማሙ፣ በአንዱ ጆንያ ብቻ ተጣሉ። ገልብጠን ስናየው ሆዱ ሻግቷል፤ ጠርሙሱ ልክ ነበር። ጥርሴ ጡረታውን ሊጠይቅ ይችላል።

ለእትዬ እንዲህ አልኳቸው፤ ይህን ጠርሙስ በሩ ላይ ያስቀምጡ፣ እህል ያመጣው ሰው ራሱ ይነቅንቀው፣ እርስዎ ማንንም አልመረመሩም። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰው ስለቱን ተሸክሞ መጥቶ ፈተና እንደማይቀመጥ፣ አንዴ የተከፋ ገበሬ ደግሞ ለጎረቤቱ እንደሚናገርና መንደሩ በሙሉ እንደሚቀር ነገሩኝ። ምክንያታቸው ከኔ ሰደቃ የተሻለ ስለነበር አልተከራከርኩም።

ስምንት ሰዓት ግድም አንድ ጋሪ በሩ ላይ ቆመ። ከጎጆ የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ እኛ በአክብሮት ኦቦ እንላቸዋለን፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው አንድ ጆንያ ገብስ ይዘዋል። ሚስታቸው ከሕመም የተነሳች ዕለት የተሳሉት ነው፤ በየዓመቱ ያመጣሉ። በኦሮምኛ ሰላምታ ተለዋወጥን፣ አካም፣ ነጋ፣ ተባለ። ከዚያ ኦቦ ግቢውን አዩ። የስንቱ ሰው ስለት ተፈትቶ፣ ሸራ ላይ ተሰጥቶ፣ ባዶ እግሩን የሆነ የከተማ ሰው ሲመላለስበት።

እትዬ ክንዴን ጨመቁኝ። «የሳቸውን እንዳትነካ» አሉ በሹክሹክታ።

ኦቦ ምን እንደሆነ በኦሮምኛ ጠየቁ። የጉደሯ አሮጊት ቀና ሳይሉ፣ ሰው እርጥብ እህል ያመጣል፣ ይኼ ቤት ደግሞ ሳያይ ይቀበላል፣ ስለዚህ ተበላሸ ብለው ነገሯቸው። ሁላችንም ቆምን። ኦቦ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ከወገባቸው ቢላዋ አወጡና የራሳቸውን ጆንያ አፍ ቆረጡ። እፍኝ ገብስ አፍሰው ወደ እትዬ ዘረጉ። ያሉትን ወደ አማርኛ እንዲህ እመልሰዋለሁ፤

«አራት ዓመት አመጣሁ። አንድም ቀን ገብሴን ያየልኝ የለም። ቤት ስገባ ሚስቴ ‹ወደዱት?› ትለኛለች። ምን ልበላት? የጎጆ ገብስ ነው፣ እዩልኝ እንጂ።»

እትዬ እፍኙን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። አንድ ፍሬ ጥርሳቸው ላይ አደረጉ። ቀጭ ያለውን እኔ ከቆምኩበት ሰማሁት።

«ደረቅ ነው» አሉ። «ፍሬውም ደንደን ያለ ነው።»

ኦቦ የጠበቁት ይህንኑ ነበር፤ ፊታቸው ሲፈታ ሁላችንም አብረን ተነፈስን። እትዬ ሌላም ፍሬ ቀመሱ፤ ይህኛው ግን ለፈተና አልነበረም፣ እንግዳ የተጋበዘውን እንደሚጎርስ ነው። የሰው ሀብቷ ልጅ ፎቶ ማንሳት ረስታ ቆማ ነበር።

እስከ አሥር ሰዓት ከክምሩ ሁሉ የጠፋው ሦስት ጆንያ ብቻ እንደሆነ ታወቀ። ሁለቱ የኔ ናቸው። ተቆጣጣሪው ይህ ለሰው ቀርቶ ለዶሮም አይሰጥም አለ፤ ከአጥሩ ጀርባ ጉድጓድ ተቆፍሮ ተቀበረ። አካፋውን እኔው ያዝኩ፤ ማንም ልያዝልህ አላለኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም። የቀረው ሁሉ ተረፈ፤ ገና ያልደረቀው ሸራው ላይ እንዲሰነብት ተለየ፤ ደረቁ፣ የፋብሪካው ሾፌር ከጣውላ ርብራብ ሠርቶለት፣ ከግድግዳው ክንድ ያህል ርቆ ተደረደረ። ወለሉን ጠርገን ስንጨርስ መብራት መጣ። የኮምፒውተሩ ሰው ግማሽ ሰዓት አስተማረ፤ እግሩ አሁንም ባዶ ነበር።

በማግስቱ ልጅቷ ለሪፖርቱ ስትደውል ምን ብላ እንደምትጽፍ ግራ ገብቷት ነበር። እንዳየሽው ጻፊ አልኳት። እኔ ያን ጠዋት ከስንት ጊዜ በኋላ ቁርሴን ጠግቤ በላሁ።

በሚቀጥለው ኅዳር ሁለት ጆንያ ስንዴ ላክሁ። ደረቅ መስሎኝ ነበር፤ ቸኩዬ ነበር ብል ደግሞ ይበልጥ እውነት ነው። ከቀትር በኋላ ጋሪው አንዱን ይዞ ተመለሰ። ጋሪ ነጂው ዓይኔን እየሸሸ፣ እትዬ «ይድረቅና ይምጣ» ብለዋል አለኝ። ሠራተኞቼ ሁሉ ሰሙ። የገበያ ሰው አንድ ሳምንት ሙሉ ሳቀብኝ፤ «ፋብሪካው መለሰብህ ስንል አሮጊቶቹም ጀመሩ?» ይሉኛል።

ጆንያውን ሸራ ላይ ሦስት ቀን አሰጣሁትና ራሴ ወሰድኩት። እትዬ በሩ ላይ አስቆሙኝ። አፉን ፈቱ፣ እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ከተቱ፣ ከሥሩ አወጡ፣ አሸተቱ፣ ነከሱ። ጊዜያቸውን ወሰዱ። ገበሬ ሁሉ በኔ መጋዘን ደጃፍ እንዴት ሆኖ እንደሚቆም ያን ዕለት ገባኝ፤ እጁን የሚያደርግበት ያጣል።

«ይግባ» አሉ።

ተሸክሜ አስገባሁት። እህል ቤቱ ውስጥ ብርድ ነበር፤ ደስ የሚል፣ ጣት የሚያደነዝዝ ብርድ።