ብረቱ ላይ የተነጠፈው ጆንያ

በፍየል ጉዳይ ከእጄ በላይ የማምነው ነገር የለም። ወገቧን ዳበስ፣ ሽንጧን ጫን ካደረግኩ በቃ፤ ስንት ኪሎ ሥጋ እንደተሸከመች አውቃለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው፣ ይህንንም የምጽፈው ቃላቱን አንድ በአንድ እየለቀምኩ ነው። እጄ ግን ማንም ሳያስተምረው የተማረ ነው። ሞያሌ ላይ፣ በኬንያው በኩል፣ በዚህ እጅ ልጆች አሳድጌአለሁ። ስለዚህ የደላሎች ማህበራችን ሚዛን ገዛ ሲሉኝ ሳቅሁ። ሳቄ ያቆመው ስብሰባው ላይ ነው።

የተሰበሰብነው ማንያታ ሰፈር ባለችው የቆርቆሮ ቢሯችን ነው። ሊቀመንበራችን ሴት ናት፤ የሟች ጓደኛዬ ልጅ። እዚሁ ተወልዳ እዚሁ የተማረች፣ አማርኛውን ከአባቷ ከንግዱ ጋር የወረሰች። ቆማ እንዲህ አለች፦ የናይሮቢ ገዢዎች ከእንግዲህ በኪሎ ካልሆነ አንገዛም ብለዋል፤ በሚቀጥለው ገበያ አንዲት ፍየል እንኳ በሚዛን ያላሻሻጠ ደላላ ባጁን ይመልሳል። ባጅ የሌለው ደግሞ የገበያውን በር አያልፍም።

«እኔም?» አልኳት። «ያ በር ሲቆም እኮ እንጨቱን የያዝነው እኔና አባትሽ ነን።»

«እርስዎም አባባ። ሕጉ ለሁሉም ነው።»

ብድግ አልኩ። «ወላሂ፣ እግሬ ያንን ብረት አይረግጥም!»

አጠገቤ የተቀመጠው የዕድሜ እኩያዬ፣ ዕድሜ ልኩን ሲያሾፍብኝ የኖረ ደላላ፣ ቀና ብሎ አየኝና «አንተን ማን ሊገዛህ ነው የምትወጣበት? የምትወጣው ፍየሏ ናት» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ውስጤ ስቋል፤ ፊቴን ግን አልሰጠኋቸውም። መሐላዬን ሰው ሁሉ ሰምቷል።

የተቆጣሁት ያለ ነገር አልነበረም። የእኛ አሠራር እንዲህ ነው፦ ገዢና ደላላ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፣ ከላይ ፎጣ ይጣላል፣ ዋጋው በጣት ይነገራል። ጣት ጫን ይላል፣ ጣት እምቢ ይላል። ስንት እንደተባለ ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም። ያልተስማማ ማንም ሳያፍር ይለያያል። ሚዛኑ ግን ቁጥሩን በቀይ መብራት ለገበያው ሁሉ ያበራል። ታዲያ የእኔ እጅ ምን ሊሠራ ነው? ባጁንስ ቢተዉልኝ ምን ላደርግበት ነው?

የገበያው ቀን ደረሰ። ሚዛኑ ጎንና ጎኑ በፍርግርግ ታጥሮ፣ ወለሉ እንደ መስታወት እያብረቀረቀ መሐል ላይ ተተክሏል። መጀመሪያ የቀረበችው ከጎዶማ የመጣች ነጭ ፍየል ነበረች። አንድ እግሯን አሳረፈች፤ ብረቱ ዷ! ሲል ወደ ኋላ ዘልላ ባለቤቷን ገለበጠችው። ሌላ አመጡ። በቀንዷ ጎተቷት፣ ከኋላ ገፏት፣ መሬት ላይ ተኛችባቸው። ከአፈርና ከድንጋይ ሌላ ረግጣ የማታውቅ ፍየል የሚጮህ ብረት ላይ ውጪ ሲሏት ምን ታድርግ? ሦስተኛዋማ አጥር ጥሳ የሻይ ቤቱ አግዳሚ ላይ ወጣች። እኔ ድንጋዬ ላይ፣ ሁልጊዜ በማነጥፋት ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሻዬን እጠጣለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። የናይሮቢው ገዢ ስልኩን እያየ ይቁነጠነጣል። ሊቀመንበሯ ላብ አጥምቋታል።

በዚህ መሐል አንዲት የኡራን መንደር ሴት ፊቴ መጥታ ቆመች። ፍየሎቿን ከእኔ በቀር ለሌላ ደላላ ሰጥታ አታውቅም። ስድስት ይዛ በሎሪ መጥታለች።

«ምዜ» አለችኝ፣ በስዋሂሊ ሽማግሌው ማለቷ ነው። «ሎሪው የቀትሩ ዙህር ሲሰገድ ይመለሳል። ትሸጥልኛለህ ወይስ ከድንጋይህ ጋር ልተዋቸው?»

«ገዢው በብረቱ ካልሆነ አልገዛም ይላል።»

«እና አውጣቸዋ!»

«ምያለሁ።»

«አንተ ነህ የማልከው። ፍየሎቼ አልማሉም።»

ሻዬን አስቀመጥኩ። አንድ ነገር አውቃለሁ፦ ሰው ፍየል ታቅፎ ቢመዘን፣ ቀጥሎ ብቻውን ቢመዘን፣ ልዩነቱ ፍየሏ ናት። ችግሩ እግሬ ነው። መሐላ መሐላ ነው። ጥቂት ቆሜ አሰብኩና ከድንጋዩ ላይ ጆንያዬን አነሳሁ። ዓመታት የተቀመጥኩበት፣ አቧራና በጠጥ የጠገበ ጆንያ ነው። ሄጄ ያ የሚያብረቀርቅ ወለል ላይ አነጠፍኩት።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለች ሊቀመንበሯ።

«እግሬ የሚረግጠው ጆንያ ነው። ብረቱን የሚረግጠው ጆንያው ነው።»

«ሼኻችን ፈትዋ ሰጡ!» ብሎ እኩያዬ ጮኸ። ገበያው በሳቅ አለቀ።

ሊቀመንበሯም እየሳቀች «ይቆዩ የጆንያውን ክብደት ላጥፋ» ብላ አንድ ቁልፍ ተጫነች፣ ቁጥሩ ዜሮ ሆነ። ፍየሏን ታቅፌ ወጣሁ። ቁጥር በራ። ፍየሏን አውርጄ ብቻዬን ቆምኩ። አሁንም በራ።

«ይሄ ነው እንዴ ሰውዬው?» አለ እኩያዬ ቁጥሩን እያየ። «ያን ሁሉ ጩኸት የሚጮኸው በዚህች ኪሎ ነው?»

መልስ ልሰጠው አፌን ስከፍት እግሬን አንድ ነገር ገፋኝ። የሴትዮዋ ሁለተኛዋ ፍየል ናት። ማንም ሳይነካት ጆንያውን እያሸተተች መጣች፤ የፊት እግሯን አሳረፈች፣ ምንም አልጮኸም፤ የኋላውን አስከተለች። ቀስ ብዬ ወረድኩላት። መሐል ሚዛኑ ላይ ቆማ የጆንያዬን ጫፍ ታኝክ ጀመር። ቀዩ ቁጥር በራ። ከኋላዋ ሦስተኛዋ፣ አራተኛዋ... ሁሉም ወጡ። ሰው ሁሉ ጎትቶ ገፍቶ ያልቻለውን ያ አሮጌ ጆንያ ቻለው።

«ሃያ!» አለ ገዢው በስዋሂሊ፣ በሉ እንግዲህ እንደማለት፣ እጁን እያፋተገ። «ኪሎው ታወቀ።»

«ኪሎውን ብረቱ ተናግሯል» አልኩት። «የአንዱን ኪሎ ዋጋ ማን ይናገር?» ፎጣዬን ከትከሻዬ አውርጄ እጄን ዘረጋሁ። ሰውየው ግራ ተጋብቶ ሊቀመንበሯን አያት። እሷም «እጅዎን ይስጧቸው» አለችው። ሰጠኝ። እጁ ለስላሳ ነው፣ ግን ጣቱ ቶሎ ገባው። ሁለት ጊዜ እምቢ አልኩት፣ በሦስተኛው ተስማማን። ሴትየዋ አዛኑ ሳይሰማ ሎሪዋ ላይ ነበረች።

ገበያው ሲበተን ሊቀመንበሯ ድንጋዬ አጠገብ መጣች።

«ታዲያ እግርዎ ብረቱን አልረገጠም?»

«አልረገጠም።»

«የእኔም ሕግ አልተሰበረም።»

«አልተሰበረም።»

ባጄን ከአንገቴ ይዛ ቀጥ አድርጋ አስተካከለችልኝና አባቷ በሚስቀው ሳቅ ሳቀች። በማግስቱ የማህበሩ መዝገብ ላይ አስጻፈችው፦ ክብደት በሚዛን፣ ዋጋ በፎጣ ሥር፣ ሚዛኑ ላይ ጆንያ ይነጠፋል። የጆንያው ኃላፊ ማን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ገበያ መጥቶ ማየት ነው።

የተጎዳሁበት ነገር ቢኖር መቀመጫዬ ነው። ጆንያው ሚዛን ላይ ስለቀረ ድንጋዩ ይፋጅ ጀመር፤ ባጄን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ቆሜ ዋልኩ። በሦስተኛው ገበያ ያቺ የኡራን ሴት ከሎሪው ወርዳ ወደ እኔ መጣች፣ ከእቅፏ የታጠፈ አዲስ ጆንያ አውጥታ ድንጋዬ ላይ ጣለችው።

«ይሄ ለመቀመጫህ ነው፣ ምዜ» አለችኝ። «እንዳትምልበት።»