ማሽኑ ያላየው አንቴና

ጁባ፣ ቶንፒንግ ሰፈር ውስጥ አውቶማቲክ የመኪና ማጠቢያ ሲከፈት፣ በር ላይ ቆሜ መኪና የማስገባው እኔ ነበርኩ። ማሽኑ ዝሆን ብታስገቡበት ጥንቸል አድርጎ የሚያወጣ ጉድ ነው። በማሽኑ ሁለት ቋሚ ብረቶች መሃል የሚያልፍ ብርሃን መኪናው የት ከፍ፣ የት ዝቅ እንደሚል ይለካል፤ ብሩሾቹም እየተሽከረከሩ ያንን ተከትለው ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ።

አንድ ቀን ጋምቤላ ያደገ የእርዳታ ድርጅት ሾፌር ላንድክሩዘር ይዞ መጣ። ረጅሙን የሬዲዮ አንቴና፣ ጁባ ውስጥ ሁሉም እንደሚያደርገው፣ አጉብጦ ከጣሪያው ጋር በገመድ አስሮታል።

«ሐጂ፣ ፈትቼ ላውርደው እንዴ?» ሲል የማጠቢያውን ባለቤት ጠየቀ።

«ማሽኑ ዓይን አለው። ግባ ዝም ብለህ።»

ዓይኑ ግን ቀጭን ነገር አያይም። ብሩሹ አንቴናውን እንደ ፓስታ ጠቅልሎ ከነእግሩ ነቀለው።

ያኔ ጦርነት ነው፤ ሬዲዮ የሌለው የድርጅት መኪና ከግቢ አይወጣም። ሾፌሩ ደነገጠ።

«ሐጂ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ግባ ብዬዋለሁ ብለው ለአለቃዬ ይንገሩልኝ። ያባርሩኛል።»

ሐጂ እዚያው ፊቱ ደወሉ። «ሾፌራችሁ ሳይጠይቅ ገብቶ ማሽኔን ሊሰብርብኝ ነበር» አሉ።

ተባረረ። በሳምንቱ ሐጂ ራሳቸው ቀጠሩት፤ ሥራው የሚገቡትን መኪኖች አንቴና በመፍቻ ፈትቶ ማውረድ ነው። መጀመሪያ የመጣው ራሱ ይነዳው የነበረው ላንድክሩዘር ነበር፤ አዲስ ሾፌር፣ አዲስ አንቴና። መፍቻውን ይዞ ቆመ።

«ፍታ እንጂ» አሉት ሐጂ፣ «መኪና አይተህ አታውቅም?»