ጾመኛ ነኝ ያልኩ ዕለት

ይህ የገጠመኝ በ2003 ዓ.ም. በፍልሰታ ጾም፣ ካርቱም ውስጥ ነው። ብዙ ዓመት ቢያልፈውም ትዝ ባለኝ ቁጥር ያናድደኛል። የምናደድበት ምክንያት ግን ከጊዜ ጋር ተለውጧል።

ሥራዬ ፎቶ ማንሳት ነው። አዲስ አበባ ሰርግና ክርስትና እያነሳሁ እኖራለሁ፤ ትንሽ ገንዘብ ስቋጥር ደግሞ ካሜራዬን ይዤ አሮጌ ከተሞችን እዞራለሁ። ሐረርንና ጎንደርን ካዳረስኩ በኋላ ቀጥሎ ካርቱም አልኩ። የተቀበለኝ ታደለ የሚባል አብሮ አደጌ ነው። ሐበሻ የሚበዛበት ዴም ሰፈር ይኖራል፤ ሱቅ ዐረቢ ሞባይል ይጠግናል። ከመቆየቱ ብዛት አማርኛውና ዐረብኛው ተቀላቅሎበታል።

ገና እንደደረስኩ "ያ ዙል፣ አንተ ሰው፣ ካሜራህን በየመንገዱ እንዳታወጣ። ተስሪሕ ይጠይቁሃል" አለኝ።

ተስሪሕ የሚሉት የፎቶ ፈቃዱን ነው። እሱን ለማውጣት ከቢሮ ቢሮ ተንከራተትኩ። ካወጣሁት በኋላም አልተገላገልኩም። ድልድይ አይነሳም፣ ወታደር አይነሳም። ገበያ ውስጥ ካሜራዬን ቀና ባደረግኩ ቁጥር አንዱ ከየት መጣ ሳልለው ከፊቴ ይቆምና "መምኑዕ" ይለኛል፤ ክልክል ነው ማለቱ ነው። ከልካይ ሲጠፋ ደግሞ አቧራው ይነሳል። ያን ሁሉ ለፍቼ ለሰው የማሳየው አንድ ፎቶ አልነበረኝም።

ተስፋዬን የጣልኩት አንድ ግድግዳ ላይ ነበር። በመጣሁ ሰሞን ቡሪ በሚባለው አሮጌ ሰፈር ስዞር አንድ ጠባብ መንገድ አግኝቼ ነበር። መንገዱ መጨረሻ ላይ የጭቃ ግድግዳ አለ፤ ግድግዳው ላይ የተጠረበ የእንጨት በር። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ብርሃኑ በመንገዱ ርዝመት ገብቶ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የካሜራዬ ባትሪ አልቆ ነበር። ከዚያ ወዲያ በሄድኩ ቁጥር ወይ አቧራ ነው ወይ ደመና።

በመጨረሻው ቀን ቀትር ላይ ዝናብ ዘነበና ሰማዩ ታጥቦ ጠራ። በማግስቱ ጠዋት በገዳሪፍ በኩል ወደ አገሬ ለመመለስ ትኬት ቆርጫለሁ፤ ስለዚህ የቀረችኝ ያቺ ምሽት ብቻ ናት። ረክሻ በሚሉት ባጃጅ ቡሪ ደረስኩና በእግሬ ፈጠን ፈጠን እያልኩ ወደዚያ መንገድ ገባሁ። ብርሃኑ ስመኘው የሰነበትኩት ዓይነት ነበር።

መንገዱን ግን በምንጣፍ ተዘግቶ አገኘሁት። ወሩ ረመዳን ነው። የሰፈሩ ወንዶች ትሪ ደርድረው አዛን ይጠብቃሉ። በዚያ ሰዓት የሚያልፍ መንገደኛን አስቁመው ማስፈጠር ልማዳቸው እንደሆነ ታደለ ነግሮኛል። ሰሞኑን አቧራው ሁሉንም ግቢ አስገብቷቸው ስለነበር ግን አጋጥሞኝ አያውቅም።

ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ሽማግሌ ተነስተው እጄን ያዙኝ። "ተፈደል፣ ተፈደል" አሉኝ፤ ና ቅረብ ማለታቸው ነው። አመስግኜ ልለፍ ብል አልለቀቁኝም። ክርስቲያን መሆኔን ሲያውቁ ይተዉኛል ብዬ "መሲሒ" አልኳቸው። "መርሐባ" ብለው ፈገግ አሉ። አንድ ጎልማሳ ደግሞ በአክብሮት የካሜራ ቦርሳዬን ከትከሻዬ ላይ አወረደና ከሽማግሌው ኋላ አስቀመጠው። ዓይኔ ግድግዳው ላይ ነው። መቅላት ጀምሯል።

እኛ አገር በጾም ቀን ብላ ሲሉህ ማምለጫው አንድ ነው፤ ጾመኛ ነኝ ካልክ የሚያስጨንቅህ የለም። ያለችኝን ዐረብኛ አሟጥጬ፣ ደረቴን በእጄ ነክቼ፣ "አና ሳይም" አልኳቸው። ጾመኛ ነኝ ማለቴ ነው።

ሁሉም "ማሻአላህ" አሉ። ወዲያው ተጠጋግተው ከሽማግሌው በስተቀኝ፣ ትሪው ፊት ለፊት አስቀመጡኝ።

በንዴት ለታደለ ደወልኩ። "እባክህ እነዚህን ሰዎች አናግርልኝ፤ ፎቶዬ ሊያመልጠኝ ነው።"

"ምን ብለሃቸው ነው?"

"ጾመኛ ነኝ አልኳቸው።"

በሳቅ ፈነዳ። "አንተ ሰውዬ፣ በመግሪብ ሰዓት፣ ሊፈጠር ሲል ጾመኛ ነኝ ብለህ ማን ይለቅሃል? እነሱ የሚፈልጉት እኮ ጾመኛ ነው። ኸላስ፣ ተቀመጥ።"

ስልኩን ለሽማግሌው ሰጠኋቸው። ጥቂት ተነጋገሩና መለሱልኝ። "ፀሐይ ነገም አለች፣ አፍጥሮ ይሂድ ይላሉ" አለኝ ታደለ።

"ነገ እኮ መንገደኛ ነኝ።"

"ነግሬያቸዋለሁ። መንገደኛ ከሆነማ ጭራሽ አንለቀውም አሉ።"

አዛን ሲል ብርሃኑ ከግድግዳው ላይ ጠፋ። ማልቀስ ቃጣኝ። ቴምር ሰጡኝ፤ በላሁ። ቀጥሎ የቀረበው ገንፎ ግን ሥጋ ያለበት ወጥ ፈሶበታል። እጄን ሰበሰብኩ። ሽማግሌው ግራ ገባቸው። ጾመኛ ነኝ ያለ ሰው አዛን ካለ በኋላ ምን ይጠብቃል? እንደገና ታደለ ተደወለለት። የእኛ ጾም ሥጋና ወተት እንደማያስነካ፣ ጾሙም የማርያም እንደሆነ አስረዳቸው።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው "ሲትና መርየም?" አሉኝ። እመቤታችን ማርያም ማለታቸው ነው። ራሴን ነቅንቄ አዎ አልኳቸው። ትሪውን በገዛ እጃቸው ገለል አደረጉና ወደ ግቢው ተጣሩ። በሰሊጥ ዘይት የተሠራ ፉል መጣ። ቀኑን ሙሉ ውኃ እንኳ ያልቀመሱት ሰዎች ሥጋውን ትተው ከእኔ ጋር ፉል በሉ። ልቤን ነካኝ። ንዴቴን ግን ፉሉ አላበረደውም።

ስንጨርስ ሽማግሌው ቦርሳዬን አቀበሉኝና ፎቶ አንሳን አሉ። ጨልሟል፤ ፍላሽ አልያዝኩም። እንዲህ ተጠጉ፣ እንዲህ ሁኑ እንኳ አላልኳቸውም። አንድ ጊዜ ቁልፉን ተጫንኩና ተሰናብቻቸው ሄድኩ። በማግስቱ አውቶቡስ ላይ ሆኜ ሳየው ጀለቢያው ብቻ ነጭ፣ ሌላው ሁሉ ጥቁር ነው። ላጠፋው ብዬ ተውኩት።

ከዓመታት በኋላ ካርቱም ጦርነት ሲነሳ ታደለ በመተማ በኩል አገሩ ገባ። ከሰነበተ በኋላ ያን ፎቶ ልኬለት ደወለልኝ። "ከቡሪ የወጡ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። ልጠይቅልህ እችላለሁ፤ ግን ፊት አይታይም። ሽማግሌው የትኛው ናቸው?"

ፎቶውን ከፍቼ አጉልቼ አየሁት። ለእኔም አልለይ አሉኝ። ስማቸውን አልጠየቅኳቸውም።

አሁን ግድግዳው አይቆጨኝም። አዛን ከማለቱ በፊት፣ እኔ አሻግሬ እያየሁ ስነጫነጭ፣ ያ ብርሃን ፊታቸው ላይ ነበር።