የአማቴን እንቁላል ውሃ ውስጥ ከተትኩት

ዛሬ አማቴ ከገጠር፣ ከቢጠና ያመጡልኝን እንቁላል ዓይናቸው እያየ ውሃ ውስጥ ከተትኩት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምናለ!

ትናንት እዚሁ ፌስቡክ ላይ «የተበላሸ እንቁላል ውሃ ላይ ይንሳፈፋል» የሚል አንብቤያለሁ። በአንድ ቀን ሊቅ ሆኜላችኋለሁ!

እንቁላሎቹ ላይ የከሰል ጭረት ነበረባቸው። ቆሻሻ መስሎኝ መጀመሪያ በሳሙና ፈትጌ አጠብኳቸው። ከዚያ ለማነጻጸር ብዬ ከራሴ ፍሪጅ አንድ ጨመርኩ።

የአማቴ ሁሉም እንደ ድንጋይ ሰመጡ። የኔው ብቻ ከላይ ተንሳፈፈ።

እማማ አልተቆጡም። «ልጄ፣ ጭረቱ እኮ ምልክት ነው» አሉኝ ቀስ ብለው። «አንድ ጭረት ያለው ዶሮዋ መጀመሪያ የጣለችው ነው፣ ሁለት ያለው ቀጥሎ የጣለችው። ሥራ ስለሚበዛብሽ የቆየውን አስቀድመሽ እንድትበዪ ብዬ ነው። አሁን ግን ታጥቧል፣ አይቆይም፤ ቶሎ ጨርሱት።»

አንገቴን ደፍቼ እንቁላሎቹን ከውሃው አወጣሁ።

እሳቸው ግን ያንን የተንሳፈፈ እንቁላሌን በነጠላቸው ሸፍነው ወጡና፣ ልጃቸው ከሥራ ሳይገባ ጓሮ ቀበሩልኝ።

እስቲ በስጦታ ላይ ፈተና ያወጣችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ዛሬ ብቻዬን አልችለውም።