ሰው የሳቀበት የአባቴ ምርቃት

አባቴ እንጅባራ ውስጥ የታወቁ አስታራቂ ነበሩ። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማች በመሬት ሲካሰሱ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰው ተገድሎ ሁለት ቤተሰብ በደም ሲፈላለግ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። ከከተማው ሰው ጋር በአማርኛ፣ ከገጠሩ ጋር በአዊኛ ያወራሉ። ድምፃቸው ቀጭን ነው፤ ቤት ውስጥ ሲጠሩኝ እንኳ አይሰማኝም። ለምርቃት ሲነሡ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። «አሜን በሉ» ሲሉ አኩርፎ የተቀመጠው ሁሉ አሜን ይላል።

አንድ የከተማችን ልጅ ደግሞ በስልክ የሚታይ የቀልድ ቪዲዮ ይሠራል። ታዋቂ ሰው እያመጣ ማሠራት ከጀመረ ወዲህማ ተመልካቹ ጎረፈለት። አንዱን ዘፋኝ ባጃጅ ነጂ አድርጎ በተሳፋሪ አሰደበው፤ አንዱን ኳስ ተጫዋች ገበያ መሀል ዶሮ አስባረረው። ሕዝቡም «ትልቅ ሰው ሆኖ አለመኮፈሱ!» እያለ ይበልጥ ወደዳቸው። ልጁ ቀጥሎ ማንን ላምጣ ሲል አባቴ ትዝ አሉት።

እቤታችን መጣና፣ «አባባ፣ እርስዎ እንደ ወትሮዎ ይቀመጡ፤ ሌላውን እኛ እንሠራዋለን» አላቸው። ታሪኩ ባል የሚስቱን ቻርጀር ሰብሮ መጣላታቸው ነው። ባልየው እንደ አገራችን ወግ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ምሕረት ይለምናል፤ ድንጋዩ ግን ከፍራሽ የተቆረጠ ስፖንጅ ነው። አባቴ ከት ብለው ሳቁ። ሳቅ ይወዳሉ፤ ሰው አያውቅላቸውም እንጂ።

እኔ ከስፌት ማሽኔ ቀና ብዬ «አባዬ፣ ይቅርብዎ» አልኳቸው።

«ምን አለበት ልጄ? ወጣቱ ዕርቅ ምን እንደሆነ ያይበታል» አሉኝ። እንግዲህ አገር የሚመክሩትን ሰው እኔ ልምከር? ተውኩት።

የልጁ ሐሳብ አባቴ ለይስሙላ አንድ ሁለት ቃል እንዲናገሩ ነበር። እሳቸው ግን የይስሙላ ምርቃት የሚባል ነገር አያውቁም። ተነሡና ጋቢያቸውን አስተካክለው የምር መረቁ፤ ቤታችሁ ይሙቅ፣ ልጃችሁ ይደግ፣ ክፉ አይያችሁ፣ አሜን በሉ። ባልና ሚስት ሆነው የሚሠሩት ሁለቱ ልጆች ቀልዱን ረስተው አንገታቸውን ደፉ። አባቴ ቤት ሲመለሱም «እነዚያ ልጆች መልካም ናቸው፤ ምርቃቱ ይድረሳቸው» አሉ። ትወና መሆኑ ጠፍቷቸው አይደለም። ምርቃት ከአፍ ከወጣ ወጣ ነው፣ በምንም ሰበብ ይውጣ።

ቪዲዮው ሲወጣ አባቴ «አሜን በሉ» ባሉ ቁጥር አህያ ያናፋል። በቃ፣ ቀልዱ ይኸው ነው። አልዋሽም፣ መጀመሪያ ሳቅ አመለጠኝ። ወዲያው ግን ደሜ ፈላ። ሳምንት ሳይሞላ የሚኒባስ ረዳቱ፣ ባጃጅ ነጂው፣ ከትምህርት ቤት የሚለቀቀው ተማሪ ሁሉ አባቴን ሲያይ «አሜን በሉ!» ይላል፤ ሌላው ከወዲያ ያናፋል። አባቴ እጃቸውን አንሥተው ሰላም ይሏቸዋል። «ከሚያለቅሱ ይሳቁ» ይላሉ።

እኔ ሄጄ ልጁን አፋጠጥኩት። «እትዬ፣ ዘፋኙም ተስቆበታል፣ ኳስ ተጫዋቹም ተስቆበታል፤ ማን ቀለለ? እንዲያውም ተፈላጊ ሆኑ» አለኝ። ክፋት የለበትም፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። የሚያየውን ነው የሚናገረው። ዘፋኙ ቢሳቅበትም ነገ ይዘፍናል፤ ኳስ ተጫዋቹም እግሩ አለው። አስታራቂ ምን አለው? ሰው ቃሉን ካላከበረለት ባዶ እጁን ነው። ይህን ብነግረው «አጠፋዋለሁ» አለና አጠፋው። ምን ዋጋ አለው? ሁሉም በየስልኩ ቀድቶታል።

በዚያው ሰሞን አባቴ አንድ ከባድ ዕርቅ ይዘው ነበር። ከአዲስ ቅዳም ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር፣ ለከሰል በሚተከል የግራር ማሳ ድንበር ሁለት ገበሬዎች ተጣልተው አንዱ ሌላውን ገደለ። ገዳዩ እስሩን ጨርሶ ወጣ፤ የሟች ወንድሞች ግን እየጠበቁት ነው። የሟች እናት ይቅር ካላለች ሌላ ሰው መሞቱ አይቀርም። አባቴ በዝናብ በጭቃ ተመላልሰው ስንት ለምነው እሺ አሰኟት። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በዕርቁ ቀን እኔም ደግፌያቸው ሄድኩ።

የሟች ወገን በአንድ በኩል፣ የገዳይ ወገን በሌላ በኩል፣ ሽማግሌዎቹ ከነካህኑ መሀል ተቀመጡ። ገዳዩ የእውነት ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ እናቲቱ እግር ሥር ተደፋ። የሚሰማው የሰውዬው ትንፋሽ ብቻ ነበር። እናቲቱ አፏን ከመክፈቷ በፊት አባቴ እንደ ወጉ ተነሥተው መረቁ፤ «አሜን በሉ» አሉ።

ከወጣቶቹ መሀል አንዱ አናፋ። ጮክ ብሎም አይደለም፤ ለጓደኛው ብሎ ነው መሰለኝ። ሦስት አራቱ ሳቃቸውን ሊያፍኑ ሞከሩ፤ አልቻሉም።

እናቲቱ ተነሣች። «የልጄ ደም ነው የሚያስቃችሁ?» አለች። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረች። «እርስዎስ? እንደዚያ እንደ ስልኩ ሊያደርጉን ነው ያመጡን?» የሟች ወንድሞች ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። ገዳዩ ቀና አላለም፤ ድንጋዩ አንገቱ ላይ እንዳለ ነው።

አባቴ አልተከራከሩም። ቀስ ብለው ሄዱና ድንጋዩን ከሰውዬው ላይ አንሥተው የራሳቸው አንገት ላይ ጫኑት። ተንበረከኩ። ወደ እሳቸው ልሮጥ ስል አንድ ሽማግሌ ክንዴን ያዙኝ።

«እህቴ፣ ነገሩን ያቀለልኩት እኔ ነኝ። ልጆቹ ምን ያድርጉ? መጀመሪያ እኔን ማሪኝ» አሉ።

እናቲቱ ዱላ የያዙትን ልጆቿን ዞራ አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ድንጋዩን በገዛ እጇ አነሣችላቸው። «እርስዎን ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች። «እሱንም እምረዋለሁ፤ የቀሩት ልጆቼ እንዳይሞቱብኝ። በእርስዎ አፍ ግን አይሁን። ሌላ ሰው ይመርቅልኝ።»

ያላቸው ክብር ሁሉ በዚያች በአንዲት ቃል ሲሄድ አየሁ። አባቴ «ደግ» ብለው ከሽማግሌዎቹ ተለይተው ከሕዝቡ ጋር ተቀመጡ። ሌላ ሽማግሌ መረቁ። ወንድሞቹ ዱላቸውን ጣሉ፤ ከገዳዩ ጋር ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ፤ ካህኑ መስቀል አሳለሟቸው።

ስንመለስ አባቴ ሚኒባሱ ውስጥ ጉልበታቸውን እያሹ ተቀመጡ። እንጅባራ ልንገባ ስንል፣ «ታረቁ አይደል?» አሉኝ።

«ታረቁ፣ አባዬ።»

«ሌላ ሰው አይሞትም።»

«አይሞትም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ «ታዲያ እኔ ምን ሆኜ ነው እንዲህ የከፋኝ?» አሉ።