ለሁለቱም የተከለከለ ጠመንጃ

የሰፈሩ ሰው «ሁለት ምላስ» ይለዋል። ስሙ ለስድብ የወጣለት አይደለም፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንድ የባዕድ መንግሥት ቆንስላ በአስተርጓሚነት ስለኖረ ነው። እሱም «አንዱ ምላስ ለቆንስሉ፣ አንዱ ለሚስቴ፤ የሚስቴ ግን ተራ ደርሶት አያውቅም» እያለ ይስቅ ነበር።

በዚያ ዓመት የላይኛው አገር ገዥና የባሕር ዳርቻው ገዥ ጦር ሊማዘዙ ደረሱ። ቆንስሉ «ለሁለቱም ወገን መሣሪያ መሸጥ ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ በወደቡ በር ላይ አስለጠፈ። የተረጎመው ሁለት ምላስ ነው። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሌላ ወረቀት ቀረበለት፤ ለባሕር ዳርቻው ገዥ አራት መቶ ሣጥን «የእርሻ ዕቃ» ይለፍ ይላል። ያ ገዥ አንድ ጥማድ መሬት እንኳ እንደማያርስ አገር ያውቃል። ሁለት ምላስ ቃል በቃል ተረጎመው።

በማግስቱ ጠዋት ከላይኛው አገር አንድ ሽማግሌ መሣሪያ ሊጠይቁ በመልእክተኛነት መጡ። ሽማግሌው የሁለት ምላስ ሚስት አጎት ናቸው።

«ሕጉ ለሁለታችሁም እኩል ነው፤ ለማንም አንሸጥም» አለ ቆንስሉ። ሁለት ምላስ ተረጎመ።

ሽማግሌው ግን ዓይናቸውን ከአስተርጓሚው ላይ አልነቀሉም። «ልጄ፣ እውነት ነው?»

«እሳቸው ያሉት ይህንን ነው፣ አባባ።»

«እሳቸው ያሉትንማ ሰማሁ። አንተን ነው የጠየቅሁ።»

ሁለት ምላስ ቆንስሉን በጎን አየት አደረገ። ከዚያ እንደሚተረጉም ሰው ድምፁን ሳይለውጥ፣ «ሕዝቡን ከወንዙ ማዶ ያሻግሩ፤ ዛሬ ነገ አይበሉ» አለ።

ሽማግሌው እጅ ነሥተው ወጡ። ቆንስሉ ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ ሁለት ምላስ አንድም ቀን ከአፉ ሰምቶት በማያውቀው የአገሬው ቋንቋ፣ ጥርት አድርጎ፣ «ስለ ወንዝ የተናገርኩት መቼ ነው?» አለ።

ሁለት ምላስ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከሰዓት በፊት ሁለት ወታደሮች ከበሩ ላይ ይዘውት ሄዱ።

እስር ቤት በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ከላይኛው አገር በኩል መድፍ ሲያጓራ ሰማ። ጠባቂዎቹ ጆሯቸውን ቀስረው እርስ በርስ ተያዩ። ሚስቱ ስንቅ ይዛ የመጣችው ከወር በኋላ ነው፤ ፊቷ ከስሎ ነበር።

«ተሻገሩ?» አላት፣ ሰላምታም ሳይሰጣት።

«ሴቶቹና ልጆቹ ተሻግረዋል አሉ። አጎቴ የመጨረሻዎቹን ሲያሳፍሩ የባሕር ዳርቻው ጦር ደረሰባቸው።» ሳህኑን በፍርግርጉ ሥር አሾልካ አስገባች። «ዛሬ ደግሞ የቆንስሉ ወታደሮች ጎረቤታችንን ወሰዱት። ‹እሷን ከማን ጋር አየሃት?› እያሉ ስለ እኔ ሲጠይቁት በጆሮዬ ሰማሁ።»