ለድርቅ የተለካ ኮርቻ

2004 ዓ.ም. ኅዳር ነበር፤ የነቢያት ጾም ከገባ ሁለተኛው ሳምንት። ነገሌ ላይ ዝናብ መጣል ከጀመረ ወር አልፎታል። ከዚያ በፊት ሁለት የዝናብ ወቅት ሰማዩ ዝም ብሎን ስለነበር ጭቃውን ማንም አላማረረም። እኔም አላማረርኩም፤ ደክሞኝ ነበር እንጂ።

በድርቁ ወራት ሱቃችን ሥራ በዝቶበት ከረመ። ይህን ስናገር ደስ አይለኝም። ከፊት በኩል መኖ እንሸጣለን፤ ፉርሽካ፣ ፋጉሎ፣ ከባሌ በኩል በአይሱዙ ተጭኖ የሚመጣ የገብስ ገለባ። ከኋላ ባለው ክፍል ኮርቻና ልጓም እንሠራለን። ከዚያ ወዲያ ግቢው ነው፤ እዚያ ፈረስ እገራለሁ። ሳሩ ሲያልቅ የከተማውም የገጠሩም ሰው ለገለባ ይሰለፍ ነበር። ያልደረሰው ቆሞ ያየኛል። ልጆቼ በዚያ ሱቅ ተምረዋል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን «አልቋል» የሚለውን ቃል ያህል ያደከመኝ ነገር የለም።

ኮርቻው የባለቤቴ ሥራ ነው። አባቱ ከወሎ ከጦር ጋር መጥተው እዚሁ የቀሩ ኮርቻ ሠሪ ነበሩ፤ ከሳቸው ነው የተማረው። ዓይኑን ሞራ ሲጋርደው ወስፌውን እኔ ተቀበልኩ። እሱ ቆዳውን በእጁ ዳስሶ ይመርጣል፣ ጠፍር ይቆርጣል። መለካቱና መስፋቱ የኔ ሆነ።

ፈረስ መግራቱን ማንም አላስተማረኝም። ሦስተኛ ልጄን በማዝልበት ጊዜ ባለቤቴ ዕቃ ሊያመጣ ሞያሌ ወርዶ፣ አንድ ያልተገራ ፈረስ ግቢው ውስጥ ቀረብኝ። ለመጎተት ጉልበት የለኝም። ለመግረፍም ጀርባዬ ላይ ሕፃን አለ። ስለዚህ መዳፌ ላይ ጨው ይዤ ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ። በሦስተኛው ቀን መጣ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ዘዴ አልለመድኩም። ዳዊቴን እየደገምኩ እጠብቃለሁ፤ ሲቀርበኝ እዳስሰዋለሁ፤ ሲሸሽ እተወዋለሁ። ሰው ይስቅብኝ ነበር። በኋላ ግን ከዱብሉቅና ከተልተሌ ሳይቀር ፈረስ የሚልኩልኝ ሆኑ።

በሰኔ፣ ድርቁ በጠናበት ጊዜ፣ አንድ የቦረና ሽማግሌ ዳማ ፈረሳቸውን ይዘው መጡ። ፈረሱ አጥንቱ ይቆጠራል። ሽማግሌውን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ እንደ ድሮው ዘለው መውጣት ስለማይችሉ ኩይሳ ላይ ቆመው ነው የሚሳፈሩት። ፈረሱ ደግሞ ኩይሳ አጠገብ አልቆም እያለ አስቸገራቸው። ሽማግሌዎች ተሰብስበው የሚመክሩበት ዛፍ ከሰፈራቸው የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ያለ ፈረስ አይደርሱበትም።

«ሁለት ጉባኤ ቀረሁ» አሉኝ። «ሦስተኛውን ከቀረሁ ሞቷል ብለው ከብቴን ይከፋፈላሉ።»

አንድ ወር አቆየሁላቸው። የገለባ ጆንያ ከምሬ ኩይሳ አስመሰልኩና ቀስ በቀስ አጠገቡ መቆም አስተማርኩት። አዲስ ኮርቻም ሠራሁለት፤ የራሴን ልጓምም አዋስኳቸው። ሊወስዱት የመጡ ቀን ሽማግሌው ጆንያው ላይ ወጡ፤ ፈረሱ እንደ ግድግዳ ቆመላቸው። የፈረሱን አንገት እየደባበሱ «ኤዬ፣ ይሄ ፈርዳ ልጅ ሆነኝ» አሉና መርቀውኝ ሄዱ።

በኅዳር ግን ፈረሱን እየሳቡ በእግራቸው መጡ። ኮርቻው ፈረሱ ላይ አለ። ቀኝ እጃቸው በጨርቅ ታስሯል።

«አካም፣ አባ? ናጋ?» ብዬ ደህንነታቸውን ጠየቅኩ።

«ናጋ ነው ብዬ ልዋሽ? ወደቅኩ። ሁለት ጊዜ።»

«እኔን! የት?»

«ኩይሳው አጠገብ ነዋ፣ አንቺ ያስተማርሽው ቦታ። ኮርቻ ሲያይ ይነክሳል። እግሬን ሳነሳ ይሽከረከራል። ጨው አበላሽው፣ ዳዊት ደገምሽለት፤ አሁን ቄስ ሆኗል፣ ሰው አልሸከምም አለ።»

ባለቤቴ ከውስጥ ሳቀ። ሽማግሌው አልሳቁም።

«አባቴ በአለንጋ ነበር የሚያስተምር» አሉ። «እኔ አንቺን ሰማሁ። ለባለጋሪ ሰጥቼዋለሁ፤ ነገ ጠዋት መጥቶ ይወስደዋል። ያንቺን ልጓም ልመልስ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ነገሌ የኖረ ሰው የጋሪ ፈረስ ኑሮ ምን እንደሆነ ያውቃል። ድንጋይና ውሃ ጭኖ ቀኑን ሙሉ አቀበት ነው፤ ሲያነክስም ያው ነው። ሽማግሌውም በዚያ ዕድሜያቸው ሌላ ፈረስ ገዝተው እስኪያስለምዱ ጉልበታቸው አይጠብቃቸውም። ጉባኤያቸው ያበቃል ማለት ነው።

ፈረሱን ቀረብኩት። ወፍሯል። ዝናቡ ባበቀለው ሳር ደረቱ ሞልቷል፣ ጀርባው ሰፍቷል። ጠፍሩን ፈትቼ ኮርቻውን ከማንሳቴ በፊት ጣቴን ከፊተኛው የእንጨት ቅስት ሥር ላስገባ ሞከርኩ። ጥፍሬ እንኳ አልገባም። ኮርቻውን ሳወርደው ፈረሱ ቆዳው ተንቀጠቀጠ። ከትከሻው በላይ በግራም በቀኝም እንቁላል እንቁላል የሚያህል እብጠት አለ። ፀጉሩ ስለሸፈነው ከላይ አይታይም። በመዳፌ ስነካው ይፋጃል።

«ምን አገኘሽ?» አሉኝ።

«ዛሬ እኔ ዘንድ ይደር፣ አባ» አልኳቸው።

«ይደር። ነገ ግን ለጋሪው ነው።»

ከጎረቤት ወተት አስመጥቼ ሻይ አፈላሁላቸው። እኔ ሳልጠጣ ስቀር አዩኝና «አንቺስ?» አሉ።

«ጾም ነው።»

«አሁንም ትጾሚያለሽ? ዝናቡ እኮ መጣ! ምን ቀረሽ?»

ጾሙ ለዝናብ እንዳልሆነ በመንገር ፈንታ ሻይ ጨመርኩላቸው። ሻዩን ጨርሰው ከተማ ውስጥ ወዳለው የወንድማቸው ልጅ ቤት ሄዱ።

አማቼ ደንብ ነበራቸው። በደረቅ ጊዜ የሚለካ ኮርቻ ቅስቱ ሁለት ጣት ሰፋ ብሎ ይሠራል፤ ክፍተቱን ሱፍ የተጠቀጠቀ ትራስ ይሞላዋል። ባለፈረሱም «ዝናብ ሲጥል መልሰህ አምጣው» ይባላል። ፈረሱ ሲወፍር ትራሱ ይወጣል፣ ኮርቻውም ይመቸዋል። ባለቤቴ ይህን ሳይተው ኖረ። እኔም ሦስት ዓመት ይህንኑ ሠራሁ። በዚያ ሰኔ ግን ሁለት ጣት አልተውኩም። መልሰው ያምጡትም አላልኳቸው።

ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። በዚያ ሰሞን ቤተ ክርስቲያናችን ምህላ ይዛ ነበር። በየቀኑ ሄጄ እግዚኦ እያልኩ እሰግዳለሁ፤ ግንባሬ ላይ አቧራው ሳይራገፍ ሱቄ እገባለሁ። ያንን ፈረስ የለካሁትም እንዲህ ካለ ጠዋት በኋላ ነው። ከቤተ ክርስቲያን መጥቼ የመለኪያ ገመዱን አጥንቱ ላይ ጣልኩ፤ በአጥንቱ ልክ ቆረጥኩ። ይወፍራል የሚል ሐሳብ አልመጣልኝም። ዝናብ ስጠን ብዬ ለምኜ፣ ይሰጠናል ብዬ አላመንኩም ነበር።

ሲመሽ ለባለቤቴ ነገርኩት። ኮርቻውን ተቀበለኝና ቅስቱን በሁለት እጁ ዳሰሰ።

«ጠባብ ነው» አለ።

«ነገ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

«ምን ብለሽ? ፈረሱ ወፈረ ብለሽ ይቅርታ ልትጠይቂ ነው? ሰው ሲወፍር ልብስ ሰፊው ይከሰሳል እንዴ?»

«ሸሚዝ ጀርባ አይልጥም።»

«ሴትዮ፣ ስሚኝ። እብጠቱን እሳቸው አላዩትም። ፈረሱን ከባለጋሪው እኛ እንግዛው፣ እናድነው፣ አለቀ። የአባቴ ኮርቻ ፈረስ አቆሰለ ከሚባል…»

«የአባትህ አይደለም፤ የኔ ነው።»

«ሱቁ ላይ የተጻፈው የማን ስም ነው ታዲያ?»

እውነቱን ነው፤ የሰው አመኔታ ባይኖር ልጆቻችንን በምን እናሳድግ ነበር? ዳዊቴን ገልጬ የዕለቱን ጀመርኩ፤ ግማሽ ሳልደርስ ዘጋሁት። ለጸሎት ስቆም ያን ያህል ያፈርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

በማግስቱ ጠዋት ፈረሱን በልጓም ይዤ፣ ኮርቻውን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወጣሁ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ «ቀስ በይ፣ ያዳልጣል» አለኝ።

ሽማግሌው የወንድማቸው ልጅ ደጃፍ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጥርሳቸውን በመፋቂያ ይፍቃሉ። ኮርቻውን እግራቸው ሥር አስቀመጥኩ።

«አባ፣ የወደቁት በኔ ጥፋት ነው» አልኳቸው። ያልተጎዳውን እጃቸውን ይዤ ከፈረሱ ትከሻ በላይ አሳረፍኩት። እብጠቱን ሲያገኙት መፋቂያውን ከአፋቸው አወጡ። በሌላው ጎንም ዞረው ዳሰሱ።

«ኮርቻው ነው?»

«አዎ። አጥብቤ ሠራሁት።»

«ሳር ሲያገኝ እንደሚወፍር አታውቂም?»

«አውቃለሁ። ዝናቡ አይመጣም ብዬ ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ። «አንቺ? በየቀኑ ነጠላሽን አጣፍተሽ የምትሄጂው?»

«እኔ።»

ሳቁ። እስኪያስላቸው ሳቁ፤ የታሰረውን እጃቸውን አመማቸውና በሌላው ደግፈው ያዙት። ከዚያ ሳቁ ጠፋ።

«ትናንት ብትነግሪኝ ሌሊቱን እተኛ ነበር» አሉ። «ይሄን ልጅ ለጋሪ ሰጥቼ እንዴት እተኛለሁ?»

«ፈርቼ ነው፣ አባ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ዋቃ ይቅር ይበልሽ። እኔ ምን አለኝ?»

ባለጋሪው ገመድ ይዞ መጣ። ሽማግሌው ፈረሱን እንደማይሰጡት ነገሩት።

«አባ፣ ቃል ገብተውልኝ የለም?» አለ በቁጣ።

«ገብቻለሁ። አሁን ተውኩት። ሽማግሌው ቃሉን አጠፈ ብለህ አውራ፤ ውሸት አይሆንብህም።»

ባለጋሪው እያጉረመረመ ሄደ። ለሳቸው ይህ ቀላል እንዳልነበረ አንገታቸውን አቀርቅረው መቆየታቸው ነገረኝ። ፈረሱ ወር ሙሉ ኮርቻ እንዳይነካው፣ እብጠቱን በሞቀ የጨው ውሃ እንደማጥበው፣ ቅስቱንም ፈትቼ እንደገና እንደምሠራው ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ።

«በድርቁ ስንት ኮርቻ ሠራሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አምስት።»

«ሁሉም እንዲህ ናቸው?»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስለሌሎቹ አላሰብኩም ነበር። «ሁሉም» አልኩ።

«እና እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ዛሬ ገበያ ነው።»

ፈረሱን ለሳቸው ትቼ ወደ ከብት ገበያው ወረድኩ። የገጠር ሰዎች ፈረሶቻቸውን ከአጥሩ ዳር ካሉት ግራሮች ሥር ያስራሉ። የራሴን ስፌት ከሩቅ አውቀዋለሁ። የመጀመሪያው ፈረስ ገና ከሲታ ነው፤ ኮርቻው አልነካውም። ባለቤቱን ፈልጌ፣ ሳይወፍር እንዲያመጣልኝ ነገርኩት። ሁለተኛው ላይ ያለው ከድርቁ በፊት የተሠራ ነው። ሦስተኛው ጋ ስደርስ ፈረሱ ጆሮውን ወደ ኋላ አጠፈ። ጨው መዳፌ ላይ አድርጌ ጠበቅሁት። ሲረጋ እጄን ከኮርቻው ሥር አስገባሁ። እርጥብ ነበር። ሳወጣው ጣቶቼ ላይ ደም አለ።

ጠፍሩን ፈታሁለት። ኮርቻውን አውርጄ መሬት ላይ አስቀመጥኩና፣ ባለቤቱ ከገበያው እስኪመለስ አጠገቡ ቆሜ ጠበቅሁ።